የማንጠግቦሽ ቀፎ ከዋንዛው የወረደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር መናኸሪያ ቆሜ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚሄደውን መኪና ስጠብቅ፣ አንድ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ቢጫ ቀለም የተቀባ የሣንቃ ቀፎ ይዞ መጣ። ያው የዛሬው፣ ዘመናዊ የሚሉት፣ ክዳኑ እንደ ሣጥን የሚከፈተው ነው። ረዳቱ ከመኪናው ጣሪያ ላይ አጎንብሶ «ከባድ ነው እንዴ?» አለው። ሰውየው «ኧረ ባዶ ነው፣ ምኑ ይከብዳል!» ብሎ በአንድ እጁ አንስቶ አቀበለው። ረዳቱም ተቀብሎ በሁለት ኩንታል መሀል ሸጎጠው። እኔ ግን ደነገጥሁ። በቀፎ ፊት «ከባድ» የሚለውን ቃል እንዲህ እንደ ዋዛ ሲወረውሩት ስሰማ፣ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ መሆኔን ረስቼ፣ የሰማ ንብ እንዳለ ዙሪያዬን ቃኘሁ። ከዚያ ለብቻዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የቆመች ልጅ ስልኳን ከጆሮዋ አንስታ «ምነው እማማ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «ምንም፣ ልጄ» አልኋት። መኪናው እስኪሞላ ብዙ ቆምን፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርሁም።

እስቴ መጀመሪያ የተመደብሁበትን ዓመተ ምሕረት ልጆቼ ይከራከሩበታል። እኔ የማስታውሰው በጫማ ነው። ገጠሩ ሁሉ ኮንጎ የሚባለውን የላስቲክ ጫማ የሚጫማበት፣ አስተማሪ የሆነ ሰው ደግሞ በጭቃውም በአቧራውም የቆዳ ጫማውን በጨርቅ እየወለወለ የሚንገላታበት ጊዜ ነበር። እኔ ከደብረ ታቦር ይዣት የመጣሁ አንዲት ቡናማ ኮት ነበረችኝ፤ ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ ያለባት፣ ያኔ ፋሽን የተባለች። ስለብሳት የሁለት ሰው ትከሻ ያለኝ እመስላለሁ። ተማሪዎቼ «ትከሻ» የሚል ስም አውጥተውልኝ እንደነበር የሰማሁት ከስንት ዘመን በኋላ ነው፤ ያኔ ብሰማ ኖሮ ኮቷን እሸጣት ነበር። መካነ ኢየሱስ የዚያን ጊዜ ብዙ መንገድ አልነበራትም። መኪና መቆሚያው ጥግ ላይ ካሴት የሚቀዳ ሰው ነበር፤ በሩ ላይ የሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከጠዋት እስከ ማታ ማሲንቆ ይለቅቃል። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ዘፋኙ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ መጨረሻ ላይ ሴቷም እንደ ወንድ ታንጎራጉራለች፤ እኛ ግን ያንኑም ቢሆን ቆመን እንሰማ ነበር። ሻይ በስሙኒ ነበር። ካሴት ቤቱ ፊት ለፊት የሰይድ ሱቅ አለ። ሰይድ ፋኖስ፣ ምስማር፣ ስኳር፣ ገመድ፣ ሻሽ፣ ሁሉንም ይሸጣል፤ ያጣውን ዕቃ ደግሞ «ከማክሰኞ በኋላ ይመጣል» ይላል እንጂ «የለም» ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሚባል ነገር አልነበረውም። እምቅ ጉልበት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ከሰይድ ሱቅ ሁለት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ለምኜ ወሰድሁ፤ አንዱን አሸዋ ሞላሁት፣ አንዱን ባዶውን ተውሁት። ከጓሮ እርጥብ ጭቃ አምጥቼ ክፍሉ መሀል ደለደልሁ። ወንበር ላይ ወጥቼ ሁለቱንም ከእኩል ከፍታ ያዝሁና «የትኛው ቀድሞ ይወርዳል?» ብል ክፍሉ በአንድ አፍ «ከባዱ!» አለ። ለቀቅኋቸው። አብረው ዱብ አሉ። ከኋላ «ቲቸር አታለለችን» ያለ ሁሉ ነበር። ከዚያ መጥተው ጭቃውን እንዲያዩ ጠራኋቸው። ባዶው ቆርቆሮ ጭቃውን ነካ አድርጎ ብቻ ተወው፤ አሸዋ የሞላው ግን ጉድጓድ ቆፍሮ ተቀብሯል። «አብረው ይደርሳሉ፤ እኩል ግን አይመቱም» አልኋቸው። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነገር ሁሉ፣ ዝም ብሎ የተሰቀለም ቢሆን፣ በውስጡ የተጠራቀመ ጉልበት አለ፤ ሲወድቅ የሚወጣው እሱ ነው። ከፍታው ያው ሆኖ መጠነ ቁሱ እጥፍ ቢሆን፣ እምቅ ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል። መጠነ ቁሱ አምስት እጥፍ ቢሆን፣ ያም አምስት እጥፍ። ሰሌዳው ላይ ጻፍሁት፣ ከሥሩ አሰመርሁ፣ ጠመኔዬን አራግፌ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ቀላል ትምህርት የለም ብዬ ነበር የማስበው።

ባለቤቴን ሙሉቀንን ያገባሁት እዚያው ነው፤ እሱ ከከተማው ዳር ያለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። አባቱ ከከተማው የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ የሚርቅ መንደር ውስጥ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ሰፈሩ አያ ጌጡ ይላቸዋል፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። የባለቤቴ እናት ማንጠግቦሽ እኔ ሳልገባ ነው ያረፉት፤ አላውቃቸውም። የማውቀው ቀፏቸውን ነው። ከሸንበቆ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ ረጅም ቀፎ ነበር፣ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ትልቅ ዋንዛ ላይ በጠፍር የተንጠለጠለ። የሰቀሉት ባልና ሚስት አብረው ነው ይባላል፤ አባባ ዛፉ ላይ ወጥተው፣ ማንጠግቦሽ ከሥር ሆነው። ጠፍሩን ቀፎው ወገብ ላይ የቋጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ቋጠሮ የሚያውቁ ሴት ነበሩ አሉ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ያን ቀፎ አውርደው ማር ይቆርጡና መልሰው ይሰቅሉት ነበር። ማንጠግቦሽ ካረፉ ወዲህ ግን አባባ ሌሎቹን ቀፎዎች ሲቆርጡ ያን አስነክተው አያውቁም። ይልቅስ ከእርሻ ሲመለሱ ከሥሩ ካለች ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ሞፈር ይጠርባሉ፣ ጅራፍ ይገምዳሉ፣ አንዳንዴ ምንም ሳይሠሩ ከራሳቸው በላይ የሚተመውን ንብ ይሰማሉ። ወሬም ያወሩታል ይባላል፤ እኔ ግን ሲያወሩ አልሰማሁም።

አሁን ያንን የቃል ነገር ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የተረፈው አይገባችሁም። በባለቤቴ መንደር የቀፎ ክብደት አይነገርም። ንብ ጌታዋ ሲኩራራ ከሰማች ጥላው ትሄዳለች ይላሉ። «ከበደ» አይባልም፣ «ሞላ» አይባልም፣ «ከአምናው ይሻላል» ማለትም ያው ነው። የሚባለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ላባ ነው»። አራት ወንድ የሞላ ቀፎ ተሸክሞ ጎብጦ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ሲያልፍ «እንዴት ነው?» ብትሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ «ላ... ላባ ነው!» ይሏችኋል። መጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ ጓዳ ገባሁ። ኋላ ስማዳ ተዛውሬ ወገዳ ሳስተምር ሰዎቹን ብጠይቅ «እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ነገር የለም» ብለው አሾፉብኝ፤ ከታች ጋይንት የመጣች ባልደረባዬ ደግሞ «ኧረ አለ፣ አያቴ ትለው ነበር» አለች። ዛሬማ የማኅበር ወጣቶች ቀፎውን ሚዛን ላይ ሰቅለው ኪሎውን በስልክ ይጠራሩበታል፤ ንቦቹም የሄዱ አይመስለኝም። ቢሆንም ያን ዘመን አልንቀውም። ሰው ያለውን ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚይዝበት ጊዜ ነበር፣ እኔም እየቆየሁ ወደድሁት።

አንድ ጥቅምት፣ አደይ አበባው እየረገፈ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን አባባ ቤት ምሳ በላን። እኔ ውጭ ወጥቼ ድንጋዩ አጠገብ ቆምሁና ወደ ላይ አየሁ። ጠፍሩ ከቅርንጫፉ ጋር የሚታሻሽበት ቦታ ተልጦ ነጥቷል፤ ከዳር የተተለተለ ቀጭን ክር ነፋስ ያወዛውዘዋል። አባባ ከሥሩ ተቀምጠው ጅራፍ ይገምዳሉ። ያን ጊዜ ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ቀፎው ሲሰቀል ባዶ ነበር። ከፍታው ያው ነው፣ ቅርንጫፉ ያው ነው፣ ጠፍሩ ያው ነው፤ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ሁሉ ማር እዚያ ላይ ማን አወጣው? ንቦቹ፣ ከአበባው የቀሰሙትን በትንሽ በትንሹ እየተሸከሙ፣ ሰው ሳያያቸው። አንድ ወንድ ተሸክሞ ዛፍ ላይ ቢያወጣው ወገቡ ይቆረጥ የነበረውን ጭነት፣ እነሱ ያለ ሁካታ አውጥተው አባባ ራስ ላይ አስቀምጠውታል።

ወደ ከተማ ስንመለስ መንገድ ላይ «ሙሌ፣ ያ የናትህ ቀፎ ሲሰቀል ስንት ኪሎ ይሆናል?» አልሁት።

«ባዶ ቀፎ ምን ኪሎ አለው? እናቴ በአንድ እጇ ነው የምታነሳው።»

«አሁንስ?»

ሙሉቀን ቆመ። ወደ መጣንበት ዞሮ አየ፤ መንደሩ ከኮረብታው ጀርባ ቀርቷል። «አትበይው» አለኝ።

«ምኑን?»

«ልትይው ያሰብሽውን። ለአባቴ ደግሞ ከነጭራሹ። ንቦቹ ሄዱበት ማለት እናቴ ሁለተኛ ሞተችበት ማለት ነው።»

«እሺ፣ ላዩ ላይ ቢወርድበትስ?»

ከተማ እስክንደርስ እየቀደመኝ ሄደ፤ ሲቆጣ እንዲያ ነው የሚያደርገው። እኔም ተናደድሁ፣ ግን ከንዴቱ ይልቅ ፍርሃቱ በለጠኝ። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት። አባባ ደግሞ ገና ሙሽራ ሆኜ ቤታቸው የገባሁ ዕለት «ልጄ» ያሉኝ፣ ክረምት በጭቃ ተጉዘው «ከተማ እሸት የላችሁም» ብለው የተጠበሰ በቆሎ በጋቢያቸው ጠቅልለው የሚያመጡልኝ ሰው ናቸው። በሳምንቱ ውስጥ የክፍሌ በር በተንኳኳ ቁጥር የመርዶ ነጋሪ እየመሰለኝ ጠመኔ ከእጄ ይወድቅ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ከጓዳ ሁለት ቅል አነሳሁ። ቃል እንደማልናገር ለሙሉቀን ምዬለታለሁ፤ ቅል ስለ መጣል ግን ያልነው ነገር የለም። አንዱን ቅል አፈር ሞላሁት፣ አንዱን ባዶውን ያዝሁና አባባ ከተቀመጡበት ሄድሁ።

«አባባ፣ ተማሪዎቼን የማሳያቸው ነገር አለ፤ ለእርስዎም ላሳይዎት?»

«አሳዪኛ» አሉ፣ ጅራፉን ጉልበታቸው ላይ አኑረው።

የጎመኑ መደብ ዳር መሬቱ እርጥብ ነበር። በርጩማ ላይ ቆሜ ሁለቱን ቅል ከእኩል ከፍታ ለቀቅሁ። ባዶው ነጥሮ ተንከባለለ። የሞላው ድፍት ብሎ ተሰነጠቀ፣ መሬቱንም ሰረጎደው። አባባ ተነሥተው መጡ፤ ቁጢጥ ብለው ጣታቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ከተቱ።

«ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ነው የለቀቅሻቸው?»

«ከአንድ ቦታ ነው፣ አባባ።»

«ይኸኛው ግን...» ብለው ቃሉን ዋጡት። ቀና ብለው ቀፎውን አዩ፤ ከዚያ እኔን። «ምንም አላልሽም።»

«ምንም አላልሁም።»

«ደግ አደረግሽ።» ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። ከዚያ ቆይተው «ያን ጠፍር ማን እንደ ቋጠረው ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ማንጠግቦሽ የቋጠረችው ነገር በራሱ ተፈትቶ አያውቅም። እኔም የምፈታው አይደለሁም።»

«ሲቋጠር እኮ ባዶ ነበር፣ አባባ» አልሁ፤ ከአፌ አመለጠኝ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ጅራፉን አንስተው ቤት ገቡ፤ ያን ቀን ደግመው አላናገሩኝም። ሙሉቀንም አላናገረኝም። ወደ ከተማ የተመለስነው እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች በመንገዱ ግራና ቀኝ ሆነን ነው።

ስንት ቀን እንደሆነ እንጃ፣ ገበያ ቀን ፈንታ ቤታችን መጣ። ፈንታ የአባባ ጎረቤት ነው፤ ዛፍ ላይ ሲወጣ የሚያክለው የለም፣ መሬት ላይ ግን ሲራመድ ይደናቀፋል። «አያ ጌጡ ገመድ ግዙልኝ ብለዋል» አለ።

«ለምኑ?» አለው ሙሉቀን።

«እኔ ምን አውቄ! ጠንካራ ይሁን ነው ያሉኝ። ቅዳሜ ሁለታችሁም እንድትመጡ።»

ሙሉቀን አየኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ፊቴን ያየኝ ያኔ ነው። ተያይዘን ሰይድ ሱቅ ሄድን። ሰይድ «ገመዱ ለምንድን ነው? ለበሬ ነው ለጭነት?» ብሎ ጠየቀ። ሙሉቀን ጉሮሮውን ጠረገና «ለላባ» አለው። ሰይድም በዚያ አገር ተወልዶ ያደገ ነውና አልሳቀም። «እንግዲያስ ወፍራሙን ውሰዱ» ብሎ ከመደርደሪያው ላይ ሰማያዊ የናይለን ገመድ አወረደ። ናይለን ያኔ አዲስ ነገር ነበር፤ «ይህን ዝሆን አይበጥሰውም» አለ። እንደማይበጠስስ እውነቱን ነው። እጅ ውስጥ እንደሚንሸራተት ግን ከሦስታችንም ማንም አላሰበውም።

ቅዳሜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ንቡ ወደ ቤቱ ሲሰበሰብ፣ ፈንታ የሚጤስ ኩበት ይዞ ዋንዛው ላይ ወጣ። ሰማያዊውን ገመድ ቀፎው ላይ አሠረ፤ ከበላዩ ባለ ወፍራም ቅርንጫፍ ላይ አሳልፎ ጫፉን ወደ ታች ለቀቀው። አባባ ከፊት ያዙ፣ ሙሉቀን ከኋላቸው። እኔ ከዋንዛው ግንድ አጠገብ ነበርሁና «ገመዱን እዚህ ግንድ ላይ ሁለት ዙር ብትጠመጥሙትስ?» አልሁ።

አባባ በለሆሳስ «ላባ ለመያዝ ግንድ አይለመንም። ይሰሙናል» አሉኝ፣ በአገጫቸው ወደ ንቦቹ እያመለከቱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ግንድ ላይ መጠምጠም ራሱ ቃሉን እንደ መናገር ነው። አፍ ዝም ቢል እጅ ተናገረ ማለት ነው። ተጨማሪ ሰው ያልጠሩትም ለዚሁ ነው። ባዶ ቀፎ የሚያወርዱ ይመስል ሁለት ሆነው ቆሙ።

ፈንታ ከላይ «ቋጠሮው አይፈታም፣ አያ ጌጡ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ከጎን ስለነበርሁ የአባባ መንጋጋ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። «ቁረጠው» አሉ በመጨረሻ። ፈንታ በማጭዱ ጠፍሩን መገዝገዝ ጀመረ፤ ቆርጦ ሳይጨርስ ጠፍሩ በራሱ ተበጠሰ። «ላባ ነው!» አለ ፈንታ፣ እንደ ወጉ።

ገመዱ ተወጠረ። ሙሉቀን ወደ ፊት ተስቦ በጉልበቱ ወደቀ፣ እጁም ተላቀቀ። አባባ ብቻቸውን ቀሩ። ቀፎው እየተሽከረከረ ይወርዳል፤ ገመዱ በመዳፋቸው መሀል ይነጉዳል፤ እሳቸው እግራቸውን የዋንዛው ሥር ላይ ተክለው ወደ ኋላ ተለጥጠዋል። «ይልቀቁት፣ አባባ! ይልቀቁት!» አልሁ። አልለቀቁትም። የተቃጠለ ላስቲክ የሚመስል ነገር ሸተተኝ። ያኔ ወጉንም መሐላዬንም ረሳሁ። «ከባድ ነው!» ብዬ ጮኽሁ፣ መንደሩ ሁሉ እስኪሰማ። «ከባድ ነው! ከባድ ነው፣ ሙሌ፣ ግንዱ ላይ!» ሙሉቀን ተንፏቆ የገመዱን ጭራ ያዘ፤ እኔ ተቀብዬው ግንዱን ዞርሁ፣ ደግሜ ዞርሁ። ገመዱ ልጡን እየላጠ ነከሰና ቆመ። ቀፎው ከመሬት የአንድ በርጩማ ያህል ርቆ ተንጠልጥሎ ቀረ። ለአፍታ የሚሰማው የንብ ድምፅ ብቻ ሆነ። ከዛፉ ላይ ፈንታ፣ የሚለው ጠፍቶት መሰለኝ፣ ቀስ ብሎ «ላባ ነው» አለ።

«ከባድ ነው ስላልሽ ንቦቹ ሄዱ ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አልሄዱም። ግማሹን ማር ቆርጠን ግማሹን ተውንላቸው፤ በማግሥቱ ፈንታ በአዲስ ጠፍር መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ አባባ እስካረፉ ድረስ በየጥቅምቱ ይወርድ ነበር፤ ገመዱም ግንድ ላይ ይጠመጠም ነበር፣ ምክንያቱን ማንም ሳይናገር። ተማሪዎቼን ጉልበት አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እያልሁ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ቀፎው ቢወድቅ ኖሮ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ጉልበት መሬት ላይ ጉድጓድ ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ወይም አባባ ራስ ላይ። ቀስ ብሎ ሲወርድ ደግሞ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። የት እንደሄደ ያየሁት ቤት ገብተን ኩራዝ ከተለኮሰ በኋላ ነው።

አባባ መደብ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነዋል። «ያሳዩኝ» አልኋቸው፤ እንቢ አሉ። ደግሜ ስለምናቸው አወጡት። የሁለቱም መዳፍ ቆዳ ገመዱ ባለፈበት ተልጦ ተጠቅልሏል፤ ሥጋው ቀይ ሆኖ ይታያል። ሙሉቀን ሐኪም ቤት እንሂድ፣ በቅሎ ልፈልግ ብሎ ተነሣ። አባባ «ቁጭ በል። ማር አለ አይደል?» አሉት።

ከቀፎው ጥልቅ የወጣውን፣ ከሁሉ የቆየውን፣ ሊጠቁር የደረሰውን ማር በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ አመጣሁ። ፊታቸው ተንበርክኬ በጣቴ እየወሰድሁ መዳፋቸው ላይ ቀባሁ። ሲቆጠቁጣቸው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፤ እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም። ሁለቱንም ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያዩኛል።

«ይልቀቁት ስትይኝ ሰምቼሻለሁ» አሉኝ።

«ታዲያ ለምን አልለቀቁትም?»

እንዲህ አሉ፦ «ያረፈች ለት እጇን ይዤው ነበር። ሰዎቹ ልቀቃት፣ ትገነዝ አሉኝ። ለቀቅኋት። ከዚያ ወዲህ የያዝሁትን መልቀቅ እፈራለሁ።»

እንባቸው ወረደ። አባቴ በእናቴ ቀብርም በተዝካሯም አላለቀሰም ብሎ ነግሮኝ ነበር ሙሉቀን፤ አሁን እሱም ፊቱን ወደ ኩራዙ አዞረ። አባባ እንባቸውን ለመጥረግ እጃቸውን ሊያነሡ ብለው መዳፋቸውን አዩና መልሰው አኖሩት፤ ማር ሞልቶበታል። በዚያ አገር ምራት የአማቷን ፊት አትነካም፤ ቀና ብላ ማየቱም ነውር ነው። የነጠላዬን ጫፍ ያዝሁና ፊታቸውን ጠረግሁላቸው፤ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን። ፊታቸውን አላዞሩም።